እጀታው ከተሳበ በኋላ ምን ይሆናል?

ለ፦ የምድር ውስጥ ባቡር ለምታስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች በሙሉ
ጉዳዩ፦ የአደጋ ጊዜ መሣሪያዎችን አጠቃቀም ለተሳፋሪ በግልጽ ስለማሳወቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ ስለ ባቡር መዘግየት አይደለም፤ ስለ ግፊያውም አይደለም። ስለዚያ የሚጽፍላችሁ ሞልቷል። የእኔ ጉዳይ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ ወንበር ሥር የተሸጎጠው፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ነው። የአደጋ ጊዜ ፍሬኑ፣ የበር መክፈቻው፣ ሾፌሩን ማናገሪያው፣ እሳት ማጥፊያው። ሁሉም በየቦታቸው አሉ። ገንዘብ ወጥቶባቸዋል፤ በየጊዜው ይመረመራሉ ብዬም አምናለሁ። ተሳፋሪው ግን ስለ እነሱ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አብዛኞቹ ቀይ ናቸው። ሁለተኛ፣ ያለ ምክንያት የነካቸው ይቀጣል።

ከዚያ በላይ ማንም የነገረው የለም። «በአደጋ ጊዜ ይሳቡ» የሚል ጽሑፍ አለ። እሺ፣ ሳብኩት እንበል። ባቡሩ ባለበት ቀጥ ይላል? ወይስ ሾፌሩ ጋ ደወል ይጮኻል? በሩስ ይከፈታል? ጽሑፉ ስለዚህ ምንም አይልም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ሲነካ ምን እንደሚከተል፣ እዚያው መሣሪያው ላይ፣ ባጭሩ ጻፉልን። ለምን እንዲህ እንደምል ቀጥዬ ላስረዳ።

ከፍሬኑ ልነሳ። ሰው ሲደነግጥ እጁ ቶሎ ወደሚታየው ነገር ይሄዳል። ፉርጎ ውስጥ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ዓይን የሚገባው ቀዩ እጀታ ነው። ጭስ ሲሸት እሱ ይሳባል። ተሳፋሪ ራሱን ስቶ ሲወድቅ እሱ ይሳባል። ጠብ ሲነሳም እሱ ይሳባል። ነገሩ የሚገርመው፣ ባቡሩን ወዲያው የሚያቆም እጀታ ከሆነ፣ በእነዚህ በሦስቱም ጊዜ መሳቡ ብዙውን ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል።

ለምን? ባቡሩ ዋሻ መሃል ከቆመ ሐኪም አይደርስበትም። እሳት አጥፊም ፖሊስም በጨለማ ሐዲድ ሐዲዱን በእግሩ ካልመጣ በስተቀር አይደርስም። ጣቢያ ላይ ግን በር ይከፈታል፣ ደረጃ አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ ከሁሉም በላይ መሸሻ አለ። ከተማ ውስጥ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ያለው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። እጀታው ሲሳብ ግን ሾፌሩ የትኛው ፉርጎ እንደሆነ ማወቅ፣ ሄዶ ማየት፣ ፍሬኑን መመለስ፣ ለመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ማሳወቅ አለበት። ያን ሁሉ ጊዜ የታመመው ሰው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃል።

ዋሻ ውስጥ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ባኩ ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1995 አንድ ባቡር በኤሌክትሪክ ብልሽት ተቃጠለና በሁለት ጣቢያዎች መካከል ቆመ። ከ280 በላይ ሰው አለቀ። አብዛኛውን የገደለው መርዛማው ጭስ ነው። እዚያ እጀታ የሳበ ሰው የለም፤ ባቡሩን ያቆመው ብልሽቱ ነው። ግን በጭስ መሃል፣ ዋሻ ውስጥ፣ በተዘጋ በር መቆም ምን እንደሚያስከትል ከዚያ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ታዲያ ፍሬኑ መቼ ነው የሚሳበው? አደጋው የባቡሩ መንቀሳቀስ ራሱ ሲሆን ነው። ይህን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። የበሩ ጠርዝ ላስቲክ ነው። ክንድ ወይም ሻንጣ መሃል ከገባ በሩ ይሰማውና ተመልሶ ይከፈታል። ቀጭን ነገር ግን ላያውቅ ይችላል። የቦርሳ ማንገቻ፣ የሻርፕ ጫፍ፣ የካፖርት ቀበቶ። ላስቲኩ ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል፣ መብራቱ «በሩ ተዘግቷል» ይላል፣ ባቡሩ ይነሳል። ባለቤቱ የጣቢያው መሳፈሪያ መድረክ ላይ ነው፤ ማንገቻው ትከሻው ላይ ነው። ይህ ከታየ አንድም ሴኮንድ ማሰብ አያስፈልግም፤ መሳብ ነው። የሕፃን ጋሪ ጎማ ተይዞ ከሆነም እንደዚያው።

ኒው ዮርክ ይህን ለተሳፋሪዎቹ በግልጽ ትነግራለች። የአደጋ ጊዜ ፍሬኑ ገመድ የሚሳበው አደጋን ወይም ጉዳትን ለመከላከል ነው፤ ለምሳሌ ሰው በር ይዞት ሲጎተት። ባቡሩ በሁለት ጣቢያ መካከል እያለ ሰው ቢታመም ግን አትሳቡ ትላለች። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ምክንያቱም «መቼ» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «መቼ አይደለም» የሚለውንም ይመልሳል።

አሁን ደግሞ ለንደን ሂዱ። እዚያ ፉርጎ ውስጥ ያለው የተሳፋሪ ማንቂያ ከሾፌሩ ጋር ያገናኛል። ባቡሩ ጣቢያውን ለቆ ከወጣ በኋላ ከተነካ ሾፌሩ እስከሚቀጥለው ጣቢያ ይነዳል። ቶሮንቶም ከመስኮቱ በላይ ያለው ቢጫ ሰቅ ሲጫኑት ሠራተኛ ይጠራል፤ ባቡሩ ግን ጣቢያ እስኪደርስ ይሄዳል። አያችሁ? በአንዱ ከተማ ባቡር ያቆማል፣ በሌላው ሰው ይጠራል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው መንገደኛ ግን ያው አንድ ሰው ነው። እጁ የለመደውን ያደርጋል። መሣሪያው ላይ «ይህ ባቡሩን አሁኑኑ ያቆማል» ወይም «ይህ ሾፌሩን ይጠራል፤ ባቡሩ ጣቢያ ላይ ይቆማል» ተብሎ ቢጻፍ ግርታው ይቀር ነበር። በቃ፣ አንድ መስመር ነው።

ወደ በሩ ልሂድ። በዚህ ደብዳቤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2003፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ ከተማ። አንድ ሰው ጁንጋንግኖ ጣቢያ ሲደርስ በቆመ ባቡር ውስጥ ቤንዚን ለኮሰ። እሳቱ በደቂቃዎች ውስጥ ፉርጎዎቹን በላ፤ ወንበሩም ወለሉም ቶሎ የሚነድ ነገር ነበር። በዚያኛው ባቡር የነበሩት አብዛኞቹ በሩ ክፍት ስለነበር ወጡ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በተቃራኒ አቅጣጫ የመጣ ሌላ ባቡር እሳቱ ወዳለበት ጣቢያ ገብቶ አጠገቡ ቆመ። ኤሌክትሪክ ተቋረጠ፤ መንቀሳቀስ አልቻለም። ተሳፋሪዎች ቁጭ ብለው እንዲጠብቁ ተነገራቸው። በኋላ ሾፌሩ ዋናውን ቁልፍ ነቅሎ ሸሸ። በሮቹም እንደተዘጉ ቀሩ። በዚያ ቀን 192 ሰው ሞተ፤ አብዛኛው እሳቱ ባልተነሳበት በሁለተኛው ባቡር ውስጥ የነበረ ነው።

በሮቹ በእጅ ይከፈቱ ነበር። አንዳንድ ፉርጎ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ከፈተ፤ ሰዎች ወጡ። በሌሎቹ ግን ጭሱ እየገባ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ሰው በሩን በጡጫ ሲደበድብ መክፈቻው ከጎኑ ነበር።

አሁን ያለውን የበር መክፈቻ እስቲ ቀረብ ብላችሁ እዩት። አንዳንዱ ከበሩ በላይ ነው፤ አጭር ሰው አይደርስበትም። አንዳንዱ ከጎን ነው፤ መጀመሪያ የፕላስቲክ ክዳን ይነሳል፣ ከዚያ እጀታ ይዞራል ወይም ወደ ታች ይሳባል። አንዳንዱ ወንበር ሥር ነው፤ የተቀመጠ ሰው እግር ይሸፍነዋል። መመሪያው በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ጭራሽ አይጻፍም፦ እጀታው ከዞረ በኋላ በሩ ብዙውን ጊዜ በራሱ አይከፈትም። እጀታው የሚያደርገው በሩን የያዘውን ኃይል መልቀቅ ነው። ከዚያ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ጎን መግፋት የሰውየው ሥራ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እጀታውን ያዞራል፣ በሩ ዝም ይላል፣ «አይሠራም» ብሎ ወደ ሌላ በር ይሮጣል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምሩ፣ «እጀታውን ያዙሩ፤ ከዚያ በሩን በእጅ ወደ ጎን ይግፉ» ብትሉ፣ ይህ አይሆንም ነበር።

መድረኩ ላይ የመስታወት በር ባለባቸው ጣቢያዎች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ባቡሩ ቦታውን ስቶ ከቆመ የባቡሩ በርና የመድረኩ በር አይገጥሙም። ተሳፋሪው የፉርጎውን በር ከፍቶ ፊት ለፊቱ መስታወት ያገኛል። ግድግዳ ይመስለዋል። ግን በተንሸራታቾቹ በሮች መካከል ያለው መስታወት በብዙ ቦታ የአደጋ መውጫ ነው፤ ከሐዲዱ በኩል የሚገፋ አግዳሚ ብረት አለው። ሲገፋ ወደ መድረኩ ይከፈታል። ይህን ስንቱ ያውቃል? ብረቱ ላይ ያለው ጽሑፍ የሚታየው ከባቡሩ በኩል ነው፤ ሁሌም በጨለማ ውስጥ ነው። በጨለማ የሚያበራ ቀለም ቢቀባበት ምን ይመስላችኋል?

ስለ በሩ ስናገር ግን ሌላውንም ጎን መደበቅ አልፈልግም። ዋሻ ውስጥ በር ከፍቶ መውረድ በራሱ ሊገድል ይችላል። በብዙ ሜትሮዎች ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ የሚመጣው ከጎን ባለ ሦስተኛ ሐዲድ ነው፤ ከ600 እስከ 750 ቮልት የሚሆን ኃይል አለው። ባቡሩ ስለቆመ ኃይሉ ጠፍቷል ማለት አይደለም። የፉርጎው መብራት መጥፋቱም ምልክት አይሆንም። በሌላኛው መስመር ደግሞ ባቡር እየመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እሳትና ጭስ ፉርጎው ውስጥ ከሌለ ውስጥ መቆየት ይሻላል። ጭስ ካለ መጀመሪያ ወደ ሌላ ፉርጎ መሻገር፣ መሃሉን በር መዝጋት። መውረድ የመጨረሻው ነው፤ ያውም የእግረኛ መተላለፊያ ባለበት በኩል፣ ሐዲዱን ሳይረግጡ፣ ከተቻለ ሠራተኛ እየመራ። ይህን ሁሉ በር መክፈቻው ላይ መጻፍ አይቻልም። «ኃይል ያለው ሐዲድ በዚህ በኩል ነው» የሚል ቀስት ግን ይቻላል። በር ከፍቶ የቆመ ሰው የሚያስፈልገው ያ ቀስት ነው።

ማናገሪያው ላይ ብዙ አልቆይም። ሰው ለሚታመምበትም፣ ጭስ ለሚሸትበትም፣ ለጠብም መጀመሪያ የሚነካው እሱ መሆን ነበረበት። አነስተኛ ግራጫ ሳጥን አድርጋችሁታል። ፍሬኑ ቀይ፣ ማናገሪያው ግራጫ። በብዛት የሚያስፈልገው ተደብቆ አልፎ አልፎ የሚያስፈልገው ጎልቶ ወጥቷል። ቀለሙን ባትቀይሩት እንኳ የፉርጎውን ቁጥር እዚያው አጠገቡ ጻፉ። ሾፌሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ፉርጎ?» ብሎ ነው። ቁጥሩ ግን ያለው በፉርጎው ጫፍ፣ ከበሩ በላይ ነው። ተናጋሪው ሰው እየተጋፋ ሊያነብ ይሄዳል። ተጭኖ መያዝ የሚፈልግ ከሆነ «ይዘው ይናገሩ» በሉ፤ አንዴ ተጭኖ መልቀቅ ከሆነ ያንን በሉ። መስማት ለማይችል ተሳፋሪም «ጥሪዎ ደርሷል» የሚል መብራት ይኑረው።

እሳት ማጥፊያ። ሰው ሁሉ አይቶታል፤ ይዞት የሚያውቅ ጥቂት ነው። ማገጃ ፒኑ ይነቀላል፣ አፉ ወደ እሳቱ ሥር ይዞራል፣ እጀታው ይጨመቃል፣ ግራና ቀኝ ይጠረጋል። ብዙ ሰው የሚያነጣጥረው ነበልባሉ ላይ ነው፤ ዱቄቱ በነበልባሉ መሃል አልፎ ይሄዳል፣ የሚነደው ነገር እንደነበረ ይቀራል። ደግሞ ሰው ብዙ የሚቆይ ይመስለዋል። በእጅ የሚያዘው ዓይነት በጥቅሉ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ያልቃል። ስለዚህ ልክ ተጠግቶ፣ መውጫውን ከጀርባ አድርጎ ነው መጀመር ያለበት። እሳቱ ካደገ ወይም ጭሱ ከወረደ ጥሎ መሄድ ነው። ለጀግንነት ቦታው አይደለም።

ዱቄቱን ጠባብ ፉርጎ ውስጥ የረጨ ሰው ሌላም ነገር ይጠብቀዋል። አየሩ ነጭ ይሆናል፤ ዓይን ማየት ያቅተዋል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ሰዎች እሳቱ የተባባሰ መስሏቸው ይሯሯጣሉ። ከመርጨት በፊት «ልረጭ ነው፣ ራቁ» ብሎ መጮህ ይጠቅማል። የኤሌክትሪክ ስኩተርና ብስክሌት ባትሪ ደግሞ ከሌላው እሳት የተለየ ነው። የጠፋ መስሎ እንደገና ይነሳል፤ ጭሱም ክፉ ነው። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የኤሌክትሪክ ስኩተር ባቡር ውስጥ ይዞ መግባትን የከለከለችው ባቡር ውስጥ እሳት ከተነሳ በኋላ ነው። ባትሪ ከሆነ መሸሽና መጥራት እንጂ መታገል አያዋጣም።

አሁን ወደ እናንተ ሠራተኞች ልዙር። ምክንያቱም መሣሪያ የማያውቀው ተሳፋሪው ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1987 ለንደን ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ላይ ከእንጨት በተሠራ ኤስካሌተር ሥር እሳት ተነሳ። አንድ የተለኮሰ ክብሪት የተጠራቀመ ቅባትና ቆሻሻ ላይ ወድቆ ነው ተባለ። 31 ሰው ሞተ። ከኤስካሌተሩ ሥር ውሃ የሚረጭ መሣሪያ ተገጥሞ ነበር። ሠራተኞቹ አልሠለጠኑበትም። መሣሪያው ሳይነካ ቀረ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያናድደኛል። ገዝቶ፣ ገጥሞ፣ ከዚያ የሚከፍተውን ሰው ረስቶ መተው!

ዋሽንግተን ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2015 ሌንፋንት ፕላዛ ጣቢያ አጠገብ ዋሻ ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ ተቃጥሎ ጭስ አወጣ። ባቡር ጭሱ ውስጥ ቆመ። አንዲት ተሳፋሪ ሞተች፤ ብዙዎች ሆስፒታል ገቡ። የአሜሪካው ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ሲመረምር፣ የአየር ማውጫዎቹ አጠቃቀም ጭሱን ከባቡሩ በማራቅ ፋንታ ወደ ባቡሩ እንደሳበው አገኘ። የፉርጎዎቹ የራሳቸው አየር ማስገቢያም ስላልተዘጋ ጭሱ ወደ ውስጥ ገባ። እዚያ እጀታ የተሳሳተው ተሳፋሪ አይደለም። ቁልፉ በእናንተ እጅ ነበር። ተሳፋሪውን «በትክክል ተጠቀም» ስትሉት ይህን አስታውሱልኝ።

መድረኩ ላይ ያለው ቀይ ቁልፍስ? ብዙ ጣቢያ ላይ ግንድ የሚያህል ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ሰው ተደግፎበት ይቆማል። ሰው ሐዲድ ላይ ሲወድቅ የሚጫኑት እሱን ነው፤ የሚመጣውን ባቡር ያቆማል ወይም ለሾፌሩ ምልክት ይሰጣል። ሰው ግን መጀመሪያ የሚያስበው ዘሎ መውረድ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2001 ቶኪዮ፣ ሺን ኦኩቦ ጣቢያ (ከመሬት በላይ ያለ መስመር ነው፤ ግን ነገሩ አንድ ነው) አንድ ሰው ሐዲድ ላይ ወደቀ። ሁለት ሰዎች ሊያወጡት ወረዱ። ሦስቱንም ባቡር ገጫቸው። ደግ ሰዎች ነበሩ። ለደግ ሰው የሚያስፈልገው ዝም ብሎ «አይውረዱ» የሚል ማስፈራሪያ ሳይሆን፣ ምን አድርጎ ሊረዳ እንደሚችል ማሳየት ነው። ቁልፉ ላይ «ሰው ከወደቀ ይጫኑ፤ ባቡሩን ያቆማል፤ አይውረዱ» ብላችሁ ጻፉ። ስልኩ ለወደቀበትም አንድ መስመር ይጨመር፦ ሠራተኛ በረጅም መያዣ ያነሳልዎታል።

ኤስካሌተሩ ከላይና ከታች ቀይ ማቆሚያ አለው። ልብስ ወይም ጫማ ሲያዝ እሱን መጫን ነው። ግን መደገፊያውን ሳይዝ የቆመ አዛውንት አለ፣ ልጅ ያዘለች አለች። ድንገት ሲቆም ይወድቃሉ። መጀመሪያ «ያዙ!» ብሎ ጮኾ፣ ከዚያ መጫን። ይኸው ነው።

ልብ ማስነሻው መሣሪያ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ሰው በጣም ስለሚፈራው። ልቡ ለቆመ ሰው የደረት ግፊትም ሆነ መሣሪያው ሳይደርስለት የምታልፈው እያንዳንዷ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉን ከ7 እስከ 10 በመቶ ትቀንሰዋለች። መሣሪያው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያለው ጣቢያ ላይ ነው፤ ፉርጎ ውስጥ አይደለም። ባቡሩን ዋሻ ውስጥ የማታቆሙበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። ሰው ከመሣሪያው የሚሸሸው «ብሳሳት እገድለዋለሁ» ብሎ ነው። መሣሪያው ግን የልቡን ምት ራሱ ያነባል፤ ካላስፈለገ የኤሌክትሪክ ንዝረቱን አይሰጥም። ሲከፈት ይናገራል፤ የሚለውን መከተል ብቻ ነው። ደረቱን መግለጥ፣ ላብ ወይም ውሃ ካለ መጥረግ፣ ሁለቱን ልጣፎች ሥዕሉ እንደሚያሳየው መለጠፍ። «አይንኩት» ሲል ሁሉም ሰው እጁን ማንሳት። በመሃል ደረቱን አጥብቆ መጫን፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ሳጥኑ ላይ «ይህን መሣሪያ ማንም ሰው ሊጠቀምበት ይችላል» ተብሎ በትልቁ ቢጻፍ ከማንኛውም ሥዕል ይበልጥ ይሠራል። ሳጥኑ ሲከፈት ደወል የሚጮህ ከሆነም አስቀድማችሁ ንገሩን። አንዳንዱ ደወሉን ሲሰማ ሌባ የተባለ መስሎት መልሶ ይዘጋዋል።

እዚህ ላይ የምትሉኝን አውቃለሁ። «ሁሉን ብንነግረው ሁሉም ይነካካዋል። በየቀኑ በቀልድ የሚሳበው ባቡር እያስቆመ ተቸገርን» ትላላችሁ። ችግሩ እውነት ነው። አንድ ባቡር ሲቆም ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል፤ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ዋሻ ውስጥ የተጨናነቀ ሰው ይታመማል፤ እሱም ሌላ እጀታ ያስስባል። ግን ለቀልድ የሚስበው ጎረምሳ እጀታው ምን እንደሚያደርግ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሚስበውም ስለሚያውቅ ነው። የማያውቁት እናት፣ አዛውንት፣ አገሩን የማያውቅ እንግዳ ናቸው። ዝምታችሁ የጎዳው እነሱን ነው። ለቀልደኛው ክዳን አድርጉበት፣ ክዳኑ ሲነሳ ይጩህ፣ ካሜራ ይይዘው። ሁሉም ያለ መረጃ ይቅር አትበሉ።

ለቅጣቱ ጽሑፍም አንድ ነገር ልበል። «ያለ አግባብ የተጠቀመ ይቀጣል» የሚለው ፊደል ከመመሪያው ይልቅ ትልቅ ከሆነ የምታስፈሩት ቅን ሰውን ነው። ጭስ ሸቶት «ጭስ ይሁን አይሁን እርግጠኛ ልሁን» እያለ የሚያመነታ ሰው አለ። በቅን ልቦና የነካ አይቀጣም የሚል ቃል አብራችሁ ጻፉ።

በቃል ብቻ አይለመድም፤ ይህም ይገባኛል። ዴጉ ከዚያ እሳት በኋላ ሰው ጭስ በሞላበት ፉርጎ ውስጥ በር በእጁ ከፍቶ መውጣትን የሚለማመድበት የደህንነት ማዕከል አላት። የኮሪያ ጣቢያዎች ላይ የጭስ መከላከያ ጭምብል የያዘ ቁም ሳጥንም ተቀምጧል። እናንተ ያን ያህል አትሠሩም ይሆናል። ግን ከአሮጌ ባቡር የተነቀለ አንድ በር ከነመክፈቻው ትልልቅ ጣቢያ ላይ ቢተከል ምን ይከብዳል? ልጆች ቀኑን ሙሉ ይከፍቱታል፤ ይክፈቱት። እጅ አንዴ የሠራውን በጨለማም ያገኘዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር 130 ቁጥር ደረጃ መድረክ በ4 ደቂቃ ውስጥ ባዶ እንዲሆን፣ ሰውም በ6 ደቂቃ ውስጥ ደህና ቦታ እንዲደርስ ታስቦ ጣቢያ እንዲነደፍ ይጠይቃል። ከ4ቱ ደቂቃ ሁለቱን ሰው መመሪያ ሲያነብ ከፈጀ ስሌቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ለተሳፋሪ ወገኖቼም ይህ ደብዳቤ ግልጽ ነውና አንድ ሁለት ቃል። በምትሳፈሩበት ፉርጎ ማናገሪያው የት እንዳለ ዛሬ እዩ። የበሩ መክፈቻ ክዳኑ ወደ ላይ ነው ወይ ወደ ጎን የሚነሳው? ሳትነኩ እዩት። በጭስ ጊዜ ዝቅ ብላችሁ አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ፤ ሊፍት ውስጥ አትግቡ። ቪዲዮ ለመቅረጽ ደግሞ ወደ ኋላ አትቅሩ፤ መተላለፊያ ትዘጋላችሁ።

ወደ እናንተ ልመለስና ልዝጋ። የምጠይቀው አዲስ ባቡር አይደለም፤ ተለጣፊ ጽሑፍ ነው። በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ ሦስት ነገር ይኑር፦ መቼ እንደሚነካ፣ ሲነካ ምን እንደሚሆን፣ ከዚያ ቀጥሎ ሰውየው ምን እንደሚያደርግ። ፊደሉ መነጽር የረሳ ሰው የሚያነበው ይሁን፤ ማየት ለተሳነው በእጅ የሚዳሰስ ምልክት ይጨመርበት። ከማተማችሁ በፊት ደግሞ ለመሐንዲሶቻችሁ ሳይሆን ባቡር ተሳፍሮ ለማያውቅ ሰው አሳዩት። «ይህን ብስበው ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁት። መመለስ ካቃተው እንደገና ጻፉት።

መቼ እንደምትጀምሩ በየጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ብትገልጹልን ደስ ይለናል።

ከሰላምታ ጋር
ዘወትር ተሳፋሪያችሁ

ግልባጭ፦
ለባቡር ነጂዎች ሥልጠና ክፍል
ለጣቢያ ጥገና ክፍል
ለመቆጣጠሪያ ማዕከል ኃላፊዎች